የከርነሉ የመጨረሻ ቃል ሲያሳስት

ተራ ፕሮግራም ሲወድቅ ከበላዩ ያለው ከርነል አወዳደቁን ይመዘግብለታል። ከርነል ሲወድቅ ግን ከበላዩ ማንም የለም፤ የደረሰበትን የሚናገረው ራሱ ነው፣ ያውም በተበላሸው ሜሞሪ ላይ ቆሞ። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረገው ኪውኢሙ፣ ሌላ ፕሮሰሰርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም በመሆኑ፣ ይህን ምስክርነት ከውጭ ሆኖ ለመመርመር ያስችላል።

ለማሳያ የሚመቸው ኤክስቪ6 ነው። ፍራንስ ካሾክ፣ ሮበርት ሞሪስና ራስ ኮክስ በአሜሪካው ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የጻፉት ይህ ዩኒክስ መሰል ከርነል ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ የሚያገለግለው በሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ የሚሮጠውም በኪውኢሙ ላይ ነው።

ኤክስቪ6 ሲወድቅ ሦስት ቁጥሮችን ያትማል፤ የስህተቱን ዓይነት፣ ስህተቱን የፈጠረውን ትዕዛዝ አድራሻ፣ ትዕዛዙ ሊነካው የሞከረውን የሜሞሪ አድራሻ። ዓይነቱ 13 ከሆነ ያልተፈቀደ ገጽ ሊነበብ፣ 15 ከሆነ ሊጻፍበት ተሞክሯል ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር አንዳንዴ ለብቻው ይበቃል። ከርነሉ የሜሞሪ ገጽ ሲሰጥ እያንዳንዱን ባይት በ5፣ ገጹን ሲረከብ በ1 ይሞላዋል። በሄክሳዴሲማል 0505050505050505 የሚል አድራሻ ከታየ፣ ለምሳሌ በፓይፕ መዋቅር ውስጥ አዲስ ፖይንተር ጨምሮ መነሻ ዋጋ ያልሰጠው ሰው ይኖራል። 01 ከተደጋገመ ደግሞ የተመለሰ ገጽ አሁንም በሥራ ላይ ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ የሚፈልግ ዘዴ ነው፤ የሚያድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

የስታክ መትረፍረፍ ከዚህ ይከፋል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በከርነል ውስጥ ያለው ስታክ 4096 ባይት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ የጥበቃ ገጽ አለ። አንድ ፈንክሽን ትልቅ አሬይ ስታኩ ላይ ሲያስቀምጥ ወደ ጥበቃው ገጽ ይገባና ስህተት ይነሳል። ስህተቱን የሚቀበለው ኮድ ደግሞ ሬጅስተሮቹን የሚያስቀምጠው በዚያው ስታክ ላይ ስለሆነ እሱም ይሳሳታል። በእያንዳንዱ ሙከራ 256 ባይት ዝቅ እያለ፣ በመጨረሻ የጥበቃውን ገጽ አልፎ የጎረቤት ፕሮሰስ ስታክ ላይ ያርፋል። መልእክቱ የሚታተመው ያኔ ነው፤ በጥፋተኝነት የሚጠራውም ተቀባዩን ኮድ ነው! ዋናው ጥፋተኛ ስሙ እንኳ አይነሳም።

ኪውኢሙን እያንዳንዱን ኢንተራፕትና ስህተት እንዲመዘግብ ቢያዙት ግን ሰንሰለቱ በሙሉ ይወጣል፤ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ስህተት እንጂ የታተመው የመጨረሻው አይደለም። ከስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም ከጂዲቢ ጋር አያይዞ ተቀባዩ ኮድ መግቢያ ላይ ማስቆምም ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ሲቆም ሰዓቱም አብሮ ስለሚቆም፣ ከርነሉ መታሰሩን አያውቅም። ከተለመደው 3 ኮር ወደ 1 ዝቅ ማድረግም የኮሮቹን እሽቅድምድም ያስቀራል፤ እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ራሱ ከእሽቅድምድሙ የመጣ ከሆነ አብሮ ይሰወራል።

አስመሳዩ የሚደብቀውም አለ። ኪውኢሙ የፕሮሰሰሩን ካሽ አያስመስልም። አንድ ከርነል አዲስ ኮድ ሜሞሪ ላይ ጽፎ የትዕዛዝ ካሹን ማደስ ቢረሳ፣ ኪውኢሙ ለውጡን በራሱ አውቆ ቀድሞ የተረጎመውን ኮድ ይጥላል፤ ፕሮግራሙም ያለ እንከን ይሮጣል። እውነተኛው ቺፕ ግን አሮጌውን ትዕዛዝ ሊፈጽም ይችላል። በኮሮች መካከል የጽሕፈት ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትዕዛዝ ሲረሳም እንዲሁ ነው፤ ቅደም ተከተልን አጥብቆ በሚይዝ የኢንቴል ኮምፒውተር ላይ የሚሮጠው ኪውኢሙ ጉድለቱን ብዙ ጊዜ አያሳይም።