«ፔፐር» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዞች ቁንዶ በርበሬን «ፔፐር» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ከሳንስክሪት «ፒፓሊ» ተነሥቶ በግሪክና በላቲን ቋንቋዎች በኩል ወደ እነርሱ የደረሰ ነው። ቅመሙ ከሕንድ አገር በብዙ ድካም ይመጣ ስለ ነበረ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ408 ዓ.ም. የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮማን በከበበ ጊዜ፥ ከወርቅና ከብር ጋር 3,000 የሮማ ነጥር ቁንዶ በርበሬ አስከፍሏል። በመካከለኛውም ዘመን በእንግሊዝ አገር የመሬት ኪራይ በዚሁ ቅመም የሚከፈልበት ጊዜ ነበረ።

መርከቦች ቅመሙን በብዛት ማምጣት ከጀመሩ ወዲህ ዋጋው ወደቀ። በሕግ ቋንቋ ግን «አንድ ፍሬ ፔፐር» የሚለው አነጋገር ጸንቶ ቀረ፤ ትርጓሜውም ለስም ያህል ብቻ የሚከፈል ኪራይ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ያለ ዋጋ የተደረገን ተራ ውል ስለማያጸና፥ አንዲቱ ፍሬ ውሉን ታጸናለች፤ የባለንብረቱንም መብት ታስታውሳለች። በቤርሙዳ ደሴት በሴንት ጆርጅ ከተማ፥ በ1620 የተሠራውን የቀድሞ የምክር ቤት ሕንጻ የተከራየው የፍሪሜሶኖች ማኅበር በየዓመቱ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ በብር ሳሕን ላይ አድርጎ በአደባባይ ያስረክባል።

እንዲህም ሆኖ፥ በአላሪክ ዘመን ከተማን ለማዳን በብዙ ሺህ ነጥር የተከፈለው ቅመም ዛሬ በአንዲት ፍሬ ቤት ያከራያል፤ ዋጋው ቢጠፋም ምስክርነቱ አልጠፋም።