ፉከራና ጉራ፦ ከብሮንክስ እስከ አምቦ

አማርኛ ራስን ለማወደስ ሁለት ቃል አለው፤ ፉከራና ጉራ። ሁለቱም «እኔ ነኝ!» ይላሉ፤ ድምፃቸውም ሊመሳሰል ይችላል። የሚለያዩት ከተናጋሪው ጀርባ ባለው ነገር ነው። የሚፎክር ሰው የሠራው ሥራ አለው፤ ጉራ የሚነዛ ሰው ግን ያለው ወሬ ብቻ ነው። የሂፕ ሆፕ ወዳጆች «ከራፐሮች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» እያሉ ለዓመታት ሲከራከሩ፣ ባይሉትም የሚፈልጉት ይህንኑ ልዩነት ይመስለኛል። ለዚህ ክርክር ደግሞ ከብሮንክስ እጅግ የሚቀድም ሚዛን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪና ከጭልሞ ደን አንሥቶ እስከ አምቦና ከዚያም ወዲያ ባለው አገር ይገኛል። ጌራርሳ ይባላል።

አስቀድሞ የአሜሪካኖቹን ክርክር እንይ። ሂፕ ሆፕ የልደት ቀኑ የሚታወቅ ጥበብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ዲጄ ኩል ሄርክ በብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኘው ሕንፃ ለእህቱ ድግስ ሙዚቃ ያጫወተበት ምሽት ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የደረጃ ሰንጠረዥ ይወጣል። የቃል አሰካክን የሚያስቀድሙ ራኪምን ያነሣሉ፤ በ1987 ከኤሪክ ቢ ጋር ባሳተመው «ፔይድ ኢን ፉል» ቤት መምታትን ከስንኝ መጨረሻ አውጥቶ በስንኙ መሐል አስገብቶታልና። ዕድሜንና ስኬትን የሚያስቀድሙ ጄይ ዚን ይመርጣሉ፤ በ2023 ቢልቦርድና ቫይብ ባወጡት የ50 ራፐሮች ዝርዝር አንደኛ የወጣው እርሱ ነው። በዚያው ዝርዝር ቱፓክ ሻኩር አራተኛ ነው። ቱፓክ በስንኝ ድርደራ ብቻ ቢመዘን ከእርሱ የሚረቅቁ ብዙ ናቸው፤ አድናቂዎቹም ይህን አይክዱም። ከፍ ያደረገው ቃሉና ኑሮው አንድ ነው ተብሎ መታመኑ ነው። ግጥሙን ሌላ ሰው ጽፎለታል የተባለ ራፐር የሚናቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዝርዝር አውጪዎቹ ስለ ሽያጭና ስለ አጻጻፍ ያወራሉ፤ በስተመጨረሻ ግን የሚጠይቁት «ይህን ለማለት መብት አለህ ወይ?» ብለው ነው።

ጌራርሳ ይህን ጥያቄ ከመነሻው ያስቀድመዋል። በኦሮሞ ዘንድ ጀግና ግዳዩን የሚያዜምበት፣ ከአማርኛው ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ ጎን ለጎን የኖረ የቃል ግጥም ነው። ድሮ ማንም እንደ ፈለገ ተነሥቶ ስለ ራሱ የሚያዜመው አልነበረም። ጎሽ ወይም ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ፣ አለዚያም ከጦር ሜዳ በድል የተመለሰ ሰው፣ አናቱን ቅቤ ተቀብቶ ከዘመድና ከጎረቤት መሐል ይቆማል፤ የወረደበትን ቆላ፣ የጣለውን አውሬ፣ የሸሸውንና ያልሸሸውን ሰው እየጠራ ያዜማል። አብሮት አደን የወረደው ጓደኛው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። ሚዛኑ ያለው በዚህ ሰሚ ዘንድ ነው። ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ግጥም ማሳመር ከሐሰት አያድንም። የፈረስ ስምም ከዚሁ ባህል ነው፤ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደሚባሉት ሁሉ። ራፐር የመድረክ ስም እንደሚያወጣ ፎካሪም በዚህ ስም ይጠራል፤ ስሙ ግን ሸክም ነው፤ በየፉከራው ሊሸከሙት ይገባል።

«እንግዲያው ጌራርሳ የሥራ መዝገብ እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ጎሽ የገደለ ሁሉ ግጥሙ አይታወስለትም። የኦሮምኛ ግጥም ስንኞች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ድምፁን ያቀብላል፣ ሁለተኛው ቁም ነገሩን ይጥላል፤ በአማርኛ «ቤት መምቻ» የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። ይህን በቆመበት ማቀናበር ራኪም ስቱዲዮ ገብቶ ከሠራው የማይተናነስ ችሎታ ይጠይቃል። ሥራው መግቢያ በር ነው፤ ከበሩ በኋላ የሚያበላልጠው ቃል ነው። ጥበቡ ለረዥም ዘመን በአፍ ቢኖርም ወረቀት ላይ ያሰፈሩ ሰዎችም ነበሩ። አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ የሕዝብ ዜማና ተረት የሰበሰቡበት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ምጽዋ አጠገብ ታተመ፤ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1922 ብዙ የኦሮሞ ዘፈኖችን ከነትርጉማቸው አሳተመ። አስቴር ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት መሆኗን ሳስብ ይህ ቅርስ ለእርሷ ያለበት ዕዳ ትልቅ ሆኖ ይታየኛል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። ግዳይ መቁጠር ጭካኔ ነው፤ ሴትንም፣ ድኃንም፣ ያልገደለንም ሰው ከመድረክ ያስወጣል። እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ነገር ግን ጌራርሳ በዚያው አልቀረም። አዲሱ ቶሌሳ በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ዜማው ከአደንና ከጦር ወጥቶ የሕዝብ ብሶትና የነጻነት ጥያቄ የሚነገርበት ሆኗል። መብቱን የሚሰጠው መግደል መሆኑ ቀርቶ መከራን ቀምሶ ማለፍ ሆነ። ሰሚው ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም «ይህን አይተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አምቦ አጠገብ ያለችው የቦዳ ልጅ፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በአማርኛ የጻፋቸውን የ«ቴዎድሮስ»ንና የ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ረዣዥም ንግግሮች ሳነብ የዚህ አገር ዜማ ከሥራቸው የሚሰማኝ በከንቱ አይመስለኝም፤ የተዋናዩ ቃል ሁልጊዜ በሚከፍለው ዋጋ ይመዘናል።

ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳም በዚህ ሚዛን ነው መታየት ያለበት። አምቦ ተወልዶ ያደገ፣ ከብት እየጠበቀ ያንጎራጉር የነበረ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ታሰረ፤ አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት ቆየ። ግጥምና ዜማ መሥራት የተማረው እዚያ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ ዘጠኝ ዘፈን ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያው አልበሙ «ሰኚ ሞቲ» በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ስለ መፈናቀልና ስለ ናፍቆት የሚያዜመው «ማላን ጅራ» ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የጭልሞ ደን እንዳይነካና የኳስ ሜዳቸው እንዳይወሰድ ብለው ወጡ። ጭልሞ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሞሉበት ደን ነው። ዘፈኑ ተቃውሞውን ፈጠረው ማለት ስህተት ነው፤ ወጣቶቹ የወጡት ስለ ደናቸውና ስለ ሜዳቸው ነው። ግን በየሰልፉ የተዘፈነው ያ ዘፈን ነበር። ራፐርን በሽያጭ የሚመዝን ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር የሚያስቀምጥበት ዓምድ የለውም።

«ራፐር እኮ አይደለም» የሚለኝ ሰው ልክ ነው፤ ሃጫሉ ዘፋኝ ነው። የራፕን ስልት በአገር ቋንቋ የሞከሩት ሌሎች ናቸው፤ ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ይዞ «ጉራጌቶን» አለው፤ ልጅ ሚካኤልም በአማርኛ ራፕ ሰፊ አድማጭ አግኝቷል። እኔ የማወዳድረው የሙዚቃውን ዓይነት አይደለም፤ ቃልና ሕይወት የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ሌላው ተቃውሞ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ሞት ያገንናል፤ ቱፓክ በ1996፣ ኖቶሪየስ ቢግ በ1997 እ.ኤ.አ. ተገድለው ከዚያ ወዲህ በየዝርዝሩ ላይ አሉ። ሃጫሉም ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ ሰኔ 25 ቀን አምቦ ተቀበረ፤ በዚያ ሳምንት በየቦታው የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚህ ሐዘን በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ሚዛናዊ መሆን ይከብደዋል። ስለዚህ ከሞቱ በፊት የተደረገውን ብቻ ይዘን እንፍረድ።

2010 ዓ.ም. ነው፤ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ኦሮሞዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ አዲስ አበባ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት ተሰናዳ፤ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበሩ የኦሮሚያ ክልል መሪዎች ከታዳሚው ጋር ተቀምጠዋል። ሃጫሉ ወጥቶ ያሰማው የሠርግ ዘፈን ወይም የምስጋና ዘፈን አልነበረም፤ ጌራርሳ ነበር። አሮጌው ጌራርሳ ያዜመው የነበረው ግዳዩን ነው፤ እርሱ ግን ሕዝቡንና መሪዎቹን ምን እንደሚጠብቁ ጠየቀ። ለመጠየቅ የሚያበቃው ግዳይ አልነበረውም፤ አምስት ዓመት እስር ነበረው። እንደ ድሮው ሁሉ ሜዳውን የሚያውቁት ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር።