የስኳሩ ባለቤት፣ የሰልፉም ባለዕዳ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአምቦ የፈሰሰውን ደም ስናነሣ ከጥይቱ በፊት ከስኳሩ መጀመር ይኖርብናል። በዚያ ሳምንት ስኳር የጫኑ መኪኖች ከተማይቱን አቋርጠው ወደ ሌላ ሥፍራ ሊሻገሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ ነዋሪዎችም መንገድ ዘጉ። ጥቅምት 16 ቀን ተኩስ ተከፈተ። የኦሮሚያ ክልል ቃል አቀባይ ራሳቸው እንደገለጹት 10 ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎችም ቆሰሉ።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ብዙም ያልተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ ለመሆኑ የስኳሩ ሻጭ ማን ነበር?

መልሱ አያሻማም። በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎቹን የሚያስተዳድረው የመንግሥት የነበረው ስኳር ኮርፖሬሽን ነው። ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው። ለየከተማው ኮታ የሚመድበው፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩልም የሚያከፋፍለው መንግሥት ነው። ስለዚህ ወረፋውን የፈጠረው የሕዝቡ ስግብግብነት አልነበረም፤ ከገበያው በታች በተተመነ ዋጋ፣ ከፍላጎቱ ያነሰ ሸቀጥ፣ በአንድ በር ብቻ የሚሸጥ አሠራር እንጂ።

ይህ አሠራር የቆየ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ በኋላ፣ የደርግ መንግሥት ስኳሩንም ጨውንም ሳሙናውንም በቀበሌ ሱቅ በኩል በራሽን ማደል ያዘ። ያ ትውልድ ዘንቢሉን ወይም ድንጋዩን በተራው ቦታ አስቀምጦ መሰለፍን ተማረ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ቢወድቅም ሰልፉ ግን ጨርሶ አልፈረሰም። በ2003 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛውን ሲያነሣ ስኳርና ዘይት በቁጥጥሩ ሥር ቀሩ። ሻጩም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ዳኛውም አንድ ሆኖ ቀጠለ።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ደግሞ ይህን ነገር የሚያየው በልዩ ዓይን ነው። የፊንጫ ስኳር ወደ አዲስ አበባ ሲጫን በጌዶ፣ በጉደር፣ በአምቦ፣ በጊንጪ አድርጎ ነው። ለሻዩ ስኳር ያጣ ነዋሪ፣ ስኳር የጫነ መኪና በደጁ ሲያልፍ ያያል። በዚያው ዓመት መንግሥት ለኬንያ ስኳር መላኩም ተሰምቶ ነበር። የገባው ስንት ኩንታል እንደ ሆነ፣ የሚያልፈውም ለማን እንደ ሆነ ባልተነገረበት አገር ወሬ ቢነግሥ ምን ይደንቃል?

እስኪ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2008 በኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ፣ የዎል-ማርት መደብር ታላቅ የዋጋ ቅናሽ አውጆ ነበር። ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረው 2,000 ያህል ሕዝብ ገና ሳይነጋ በሩን ሰብሮ ገባ፤ አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛም ተረግጦ ሞተ። የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን 7,000 ዶላር ቀጣ። ቅጣቱ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ከኪስ የወደቀ ሳንቲም ነው፤ ኩባንያው ግን ለዓመታት ተከራከረበት። ምክንያቱም ቅጣቱ የያዘው መርሕ ከባድ ነበር፤ ሕዝብን በርካሽ ዋጋ የጠራ ሻጭ፣ ሠራተኞቹን ከመጣው ሕዝብ ግፊያ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት የሚል። መሥሪያ ቤቱም በ2010 ለነጋዴዎች ምክር አወጣ፤ አጥር አስቀድማችሁ አቁሙ፣ ሰልፉን በቁጥር ምሩ፣ መደብሩ የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩ የሚል።

«የአምቦው ጉዳይ ፖለቲካ እንጂ ገበያ አልነበረም» የሚሉኝ ይኖራሉ። እርግጥ ነው፣ ቁጣው ከስኳር የሰፋ ነበር፤ አምቦ በ2006 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ልጆቿን የቀበረች ከተማ ናት። ነገር ግን ይህ የሻጩን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። የቆሰለ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ እጥረት ያለበትን ሸቀጥ በዝምታ የሚያሳልፍ ሻጭ አደጋውን አስቀድሞ ማየት ነበረበት። የዎል-ማርት ጥፋት ሕዝቡን ያለ ጥበቃ መተዉ ነው፤ የእኛው ሻጭ ግን ሕዝቡን የጠበቀው በጠመንጃ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ይካሥ ይላል። ቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጎደለው ሕጉ ሳይሆን፣ መንግሥት ራሱን እንደ ሻጭ ቆጥሮ እንደ ሻጭ የመጠየቅ ልማድ ነው።

ዛሬም በየከተማው የእሑድ ገበያና የበዓል ባዛር ይዘጋጃል፤ ሕዝብም በቅናሽ ዋጋ ይጠራል። አዘጋጆቹ ከአምቦ ሊማሩት የሚገባው ቀላል ነው፤ ስንት ኩንታል እንደ ገባ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ተራው በቁጥር ይሁን፣ ሲያልቅ «አልቋል» ይባል፣ መኪናው የሚያልፍ ከሆነም ወዴት እንደሚያልፍ ይነገር። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጠመኔና አንድ እውነተኛ ሰው ነው። በአምቦ ይህ ጎድሎ የተከፈለው ዋጋ ግን የ10 ሰው ነፍስ ነው።