ክፍት ተደራሽነት
ስለ ባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ወይም ስለ ደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተጻፈ ጥናት በውጭ መጽሔት ሲታተም፣ ብዙ ጊዜ ለማንበብ ገንዘብ ይጠየቅበታል። የፓርኩ ባለሙያም ሆነ የደኑ ጠባቂ ስለሚኖሩበት ቦታ የተጻፈውን ሳያዩት ይቀራሉ። ይህን ለመለወጥ የተነሣው አሠራር «ኦፕን አክሰስ» ይባላል፤ በአማርኛ «ክፍት ተደራሽነት» እንለዋለን።

«ነጻ ንባብ» ብንለው ግማሹ ይጎድላል። በየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ስለ ክፍት ተደራሽነት የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ አንባቢ ጽሑፉን እንዲያነብ ብቻ ሳይሆን እንዲቀዳው፣ እንዲያሰራጨውና ለማንኛውም ሕጋዊ ሥራ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ለደራሲው የሚቀሩለት የሥራው ይዘት እንዳይዛባበትና ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብቶች ናቸው።

ለሥነ ምኅዳር ዋናው ቁም ነገር ይኸው ፈቃድ ይመስለኛል። የአንድ ደን ቆጠራ ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። ሙቀት ሲጨምር ዕፅዋት ወደ ተራራ አናት መሸሻቸውን ለማወቅ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሠንጠረዦችን ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ከሌለ ግን ያ ሁሉ የመስክ ልፋት በየመጽሔቱ ተበታትኖ ይቀራል። ዘርፉም ቀድሞ ነቅቷል። የሥነ ምኅዳር ሊቁ ሲ. ኤስ. ሆሊንግ በ1997 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት በነጻ የሚነበብ መጽሔት ጀመሩ፤ ዛሬ «ኢኮሎጂ ኤንድ ሶሳይቲ» ይባላል። ነባሩ መጽሔት «ኢኮግራፊ» ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆነ።

ችግሩ ወጪው ነው። አንባቢው በማይከፍልባቸው ብዙ መጽሔቶች ከፋዩ ደራሲው ነው፤ ክፍያው ከ2,000 ዶላር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ለድሃ አገሮች ተመራማሪዎች የክፍያ ምሕረት የሚያደርጉ መጽሔቶች አሉ፤ ሆኖም በምሕረት ላይ የቆመ አሠራር አያስተማምንም። ደራሲውም አንባቢውም የማይከፍሉበት፣ ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ ወጪውን የሚሸፍንበት «አልማዝ» የሚባለው መንገድ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። ሌላው መንገድ «አረንጓዴ» ይባላል፤ ደራሲው ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ በተቋሙ ዲጂታል ማከማቻ ያኖራል። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ብሔራዊ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በዚህ ዓይነት ማከማቻ እንዲገባ ይጠይቃል።

አንድ ጽሑፍ በእርግጥ ክፍት መሆኑን ለማወቅ የፈቃዱን ምልክት ይመልከቱ፤ «ሲሲ ባይ» የሚል ካለበት፣ ደራሲውን ጠቅሶ መተርጎምም ሆነ መረጃውን መጠቀም ይቻላል።