የዱዳው መጠለያ

ከጅቡቲ ከተማ ወጥቶ ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዱዳ ከምትባል መንደር ይደርሳል። ስሟ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግር ይላል፤ ቦታው የተሰየመው በአማርኛ ባለመሆኑ ግን ከቃላችን ጋር መገጣጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ የሚገኘውን የእንስሳት መጠለያ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው አጋጣሚውን በቀላሉ አይረሳውም። በአጥሩ ውስጥ የሚኖሩት ከየት እንደ መጡ፣ እናቶቻቸውም ምን እንደ ሆኑ ሊነግሩን የማይችሉ ፍጥረታት ናቸውና።

መጠለያውን የሚያስተዳድረው ዴካን የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ2001 የመሠረቱት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ቤርትራን ላፍራንስ ሲሆኑ፣ ስሙ ተፈጥሮን ማወቅና መርዳት ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ የተውጣጣ ነው።

የእንስሳት መጠለያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባለቤት ስለሌለው ውሻ ነው። ታሪኩም ከዚያው ይነሣል። ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እንግሊዛዊት ወይዘሮ እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ በከፈቱ ጊዜ ተሳለቁባቸው፤ ሰው በሚራብበት ከተማ ለውሻ ቤት መሥራት ቅብጠት ሆኖ ታየ። ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው የነበረው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1862 ቢሟገትላቸውም ፌዙ ቶሎ አልቆመም። መጠለያው ግን እ.ኤ.አ. በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ።

ያው ጥያቄ እዚህም ይሰማል፤ «ሰው ጥላ ባጣበት አገር ለአውሬ ጥላ?» ይባላል። ጠያቂውን በችኮላ መውቀስ አይገባም። ፈረንሳይኛው ለስደተኛ መጠጊያም ለእንስሳት ማቆያም የሚጠቀምበት ቃል አንድ ነው፤ አማርኛውም እንደዚሁ «መጠለያ» ይላል። የእኛ ቃል ሥሩ በግእዝ «ጸለለ» ነውና ከጥላ ጋር ዘመድ ነው፤ የጅቡቲን በጋ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥላ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ትርጉም አያሻውም። በዓሊ አዴ የሰፈረውን ስደተኛና በዱዳ የታጠረውን አውሬ በአንድ ቃል መጥራት ለተርጓሚ ምቹ ቢሆንም ለኅሊና አይቀልም። ይሁንና ሁለቱንም ከቤታቸው ያፈናቀለው ሰው ነው።

የኢትዮጵያ አራዊት ወደ ባሕር ማዶ መሻገር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ንጉሥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ ላኩ፤ ጠባብ ሸንተረር ያለው ያ ዝርያ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዘንድ በፕሬዚዳንቱ ስም ይጠራል፤ በላኪው ስም ግን አልተጠራም! የጅቡቲ ከተማ ከተቆረቆረች፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረውም የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ቆዳውም የዝሆን ጥርሱም በዚሁ በር ይወጣ ነበር። ያ ዘመን ስጦታና ንግድ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነገሩን ለወጠው፤ አቦ ሸማኔም ለንግድ ማዋወሩ ፈጽሞ ከተከለከሉት እንስሳት ጎራ እ.ኤ.አ. በ1975 ተመደበ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጅቡቲ በ1992 ተቀበሉት።

ክልከላው ንግዱን ወደ ስውር መንገድ አሸጋገረው እንጂ አላጠፋውም። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና ከሶማሊላንድ የሚነጠቁ ግልገሎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሀብታሞች ቤት ይጫናሉ፤ አቦ ሸማኔ ሌሎች ትልልቅ አራዊት የሌላቸው ገርነት ስላለው ለቤት ጌጥ ተመረጠ፤ ገርነቱ ጠላቱ ሆነ። ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። የተረፉትም አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ስለሚሰጣቸው በካልሲየም እጥረት እግራቸው ይጎብጣል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አዳኝ አራዊትን በቤት እንዳይዙ ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በዱር የቀሩትን አቦ ሸማኔዎች ወደ 7,100 ገምቷቸዋል።

እነዚህን መሰል ምርኮኞች ናቸው ዱዳ የሚደርሱት፤ ከፊሎቹ በሕገ ወጥ መንገድ በየሰው ግቢ ያደጉ፣ ከፊሎቹም ባሕር ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ። ከአቦ ሸማኔዎቹ ሌላ ሰጎን፣ አጋዘን፣ ጃርት፣ ኤሊና የሶማሌ የዱር አህያ ይገኙባቸዋል። ደኅና የተያዘ መጠለያ መሆኑ የሚታወቀው በሰፊ አጥሩና በግራሮቹ ጥላ ነው፤ እንስሳቱ በብረት ሣጥን ታጉረው ለተመልካች አይታዩም። ጎብኚው በረጅሙ ቆሞ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ሳያገኝ ይመለሳል። ይህ ቅር የሚያሰኘው ካለ የመጣው ለአራዊት ማሳያ ነው፣ ቦታውን ስቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ዱር መመለስ አለመቻላቸው ነው። የአቦ ሸማኔ ግልገል አደንን ከእናቱ የሚማረው አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብሯት እየኖረ ነው፤ በሕፃንነቱ የተነጠቀ ያን ትምህርት የሚሰጠው ሌላ የለም። ስለዚህ መጠለያው የሚያድነው ሕይወቱን ነው፤ ነፃነቱን አይመልስለትም። ዶክተር ላፍራንስና ባልደረቦቻቸው ያለ ዋጋ የሠሩት ሥራ በዚህ አይቀንስም፤ ነገር ግን የተጎዳው ተጠገነ ብሎ ደስ መሰኘትም አይቻልም።

በዚያው ጎዳና ከዱዳ ጥቂት አለፍ ሲሉ ዳመርጆግ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተው የእንስሳት ማቆያ በጎችና ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ከመጫናቸው በፊት በሐኪም ይመረመራሉ። እያንዳንዱ በግ ወረቀት አለው፣ ይቈጠራል። ከተሸሸጉት ግልገሎች ግን የሚቈጠሩት የተያዙት ብቻ ናቸው።

አቦ ሸማኔ እንደ አንበሳ አያገሣም። ሲመቸው እንደ ድመት ጉሮሮው ይርገበገባል፤ ግልገሉ እናቱን ሲጠራት ደግሞ ድምፁ የወፍ ጫጩት ይመስላል። በዱዳ ያደጉትም፣ ጠርታ የምትመጣ እናት ባይኖራቸውም፣ አመሻሽ ላይ የምግብ ባልዲ ሲቀርብ በዚያው ድምፅ ይጣራሉ።