በቤቱ የሚኖረው ይጠየቅ፣ ይጠይቅም

ፖል ሃንት እ.ኤ.አ. በ1956 ሃምፕሻየር፣ እንግሊዝ ወደሚገኘው ለ ኮርት ሲገባ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ጡንቻን እያደር የሚያደክም ሕመም ነበረበት። ለ ኮርት ሊዮናርድ ቼሻየር ያቋቋመው የመጀመሪያ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነበር፤ እኛም የቼሻየርን ስም ከመናገሻው የቼሻየር ማዕከል እናውቀዋለን።

ነዋሪዎቹ መጠለያም ምግብም አላጡም። ያስመረራቸው በራሳቸው ኑሮ ላይ ማዘዝ አለመቻላቸው ነበር፤ የመኝታ ሰዓታቸውን እንኳ የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ነው። ከአስተዳደሩ ጋር ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሃንትና ጓደኞቹ ገለልተኛ አጥኚዎች መጥተው ኑሯቸውን እንዲያዩላቸው ጠየቁ።

ከታቪስቶክ ተቋም ሁለት ተመራማሪዎች መጡ። ጥናታቸው በ1972 ሲታተም ግን ነዋሪዎቹ የተከዱ ያህል ተሰማቸው። አጥኚዎቹ ተቋማቱን ኅብረተሰቡ በቁም የቀበራቸው ሰዎች ሞታቸውን የሚጠብቁባቸው ቦታዎች አድርገው ከገለጹ በኋላ፣ ያንኑ አሠራር ስለማሻሻል መከሩ። ሃንት በዚያው ዓመት ለጋርዲያን ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ጠራ። ከዚያ ጥሪ የተወለደው እንቅስቃሴ ስለ አካል ጉዳት የሚታሰበውን ለወጠ።

ሃንት በ1979 አረፈ። እንግሊዝ ውስጥ የእንክብካቤ አገልግሎት ተጠቃሚዎች «የልምድ ባለሙያ» ተብለው ከተቋማቱ ተቆጣጣሪዎች ጋር መሰማራት የጀመሩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ2000ዎቹ ነው። ተቆጣጣሪው የመድኃኒት መዝገቡንና የሠራተኞቹን የተራ ሰሌዳ ሲያገላብጥ፣ የልምድ ባለሙያው ከነዋሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይጨዋወታል። ምሳውን ማን መረጠ? ሠራተኞቹ ሳያንኳኩ ይገባሉ? ደወል ሲደወል ስንት ደቂቃ ያስጠብቃሉ? ራሱ ያለፈበት ስለሆነ የቱን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ የቀረጸው ፊልም በብሪስቶል አቅራቢያ በነበረው ዊንተርቦርን ቪው ሆስፒታል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ታካሚዎች ሲደበደቡና ሲዋረዱ አሳየ። አንድ ነርስ አስቀድሞ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም ነበር። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ 150 ያህል ተመሳሳይ ተቋማትን ሲፈትሽ የልምድ ባለሙያዎችንና የታካሚ ቤተሰቦችን አብሮ አሰማራ። ግማሽ ያህሉ ተቋማት ከመመዘኛው በታች ሆነው ተገኙ።

ዛሬም ቢሆን የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪው ነው። የለ ኮርት ነዋሪዎች አጥኚ ጋብዘው ያዘኑት፣ የሚጠየቀውንም የሚደመደመውንም ሌላ ሰው ስለወሰነባቸው ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚን በፍተሻ ማሳተፍ ማለት መጠይቁ ሲዘጋጅም ውጤቱ ሲጻፍም ድምፅ እንዲኖረው ማድረግ ማለት ነው። ከዚህ ያነሰው ለታይታ ነው።