ሳነቴን የሚሻገረው ጥሬ ቡና

ሮቤ የቡና አገር አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋ የስናና ስንዴና ገብስ ነው። ሆኖም ቡና የማይቆላበት ቤት ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። ቡናው የሚመጣው ከተራራው ማዶ፣ ከሐረና ጫካና ከደሎ መና በኩል ነው። በመካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ አምባ ተጋድሟል። ከጎባ የሚነሳው መንገድ ቀይ ቀበሮና ጅባራ ያለበትን ብርድ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ጫካው ይወርዳል።

ይህ መንገድ ቡና ለምን ቤት ውስጥ እንደሚቆላ ግማሹን ምክንያት ይናገራል። ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። የተቆላው በሳምንታት፣ የተፈጨው ደግሞ በቀናት ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ ተራራ የሚሻገረው ጥሬው ነው፤ እሳት የሚያየው የሚጠጣበት ቤት ሲደርስ ነው።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቡናን በቤት መቁላት የትርፍ ጊዜ ጥበብ ሆኗል። ጀማሪው የፈንዲሻ ማሽን ወይም የብረት መጥበሻ ይዞ ይጀምራል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ዲግሪ ይለካል። እንደ አዲስ ግኝት የሚያወራውም አይጠፋም። ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ እናቶችም ጥሬ ቡና ገዝተው ራሳቸው ይቆሉ ነበር። በ1860ዎቹ የፒትስበርጎቹ ወንድማማች ነጋዴዎች አርባክሎች የተቆላ ቡና በአንድ ፓውንድ ወረቀት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። ፍሬው ቶሎ እንዳይደክም በእንቁላልና በስኳር ይለብጡት ነበር። ንግዱ ሠመረ። ገዢው ድካም ቀነሰለት፤ ጥሬውን ፍሬ አይቶ የመምረጥ ዕድሉ ግን ሄደ።

በባሌ ቡና እሳት የሚያየው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። ቡና ቀላ የሚባለው የኦሮሞ ምግብ ሙሉው የቡና ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላበት ነው። ስሙ «የታረደ ቡና» እንደማለት ነው፤ ከምርቃትና ከጸሎት ጋር የሚቀርብም ነውና ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ተዋጊዎች የተቆላና የተፈጨ ቡና በቅቤ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ለስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። የባሌ ሙስሊምም ቡናን ከዱዓ ጋር አስተሳስሮ ኖሯል።

በክርስቲያኑ ሰሜን ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ቤተ ክህነት ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብላ ለረጅም ዘመን ስታወግዝ ቆይታለች። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት እገዳው የላላው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መድከማቸው ረድቷል። ዛሬ በየማስታወቂያው «ከጥንት ጀምሮ የሁላችን» እየተባለ የሚቀርበው ሥርዓት፣ ለብዙው የሰሜን ቤት ዕድሜው ከመቶ አርባ ዓመት ብዙም አይዘልም። ባለውለታው ደቡብና ምሥራቁ ነው፤ ይህን መናገር ማንንም አያሳንስም።

ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። ቡና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ በመሆኑ ለውጭ ገበያ የተመደበውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር። ለአገሬው ገበያ በደንቡ ይተርፍ የነበረው ደረጃው የወረደው ነው። ከምርቱ ግማሽ ያህሉን የሚጠጣው ሕዝብ ያገኝ የነበረው ብዙ ጊዜ የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ተባይ የበሳው የተቀላቀለበት ፍሬ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪዋ እንግዲህ ምጣድ ፊት የተቀመጠችው ሴት ሆነች።

የመቁላት ትምህርት የሚጀምረውም ከእሳቱ ሳይሆን ከመልቀሙ ነው። አንድ የሻገተ ፍሬ የጀበናውን ጣዕም ሊያበላሽ ይችላል። ከተለቀመ በኋላ በውኃ ይታሻል፣ ይጠነፍፋል፣ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ እጅ ማረፍ የለበትም። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ገለባው ይለቃል። ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ፍሬው መንጣጣት ይጀምራል፤ የውጭው ጀማሪ በቴርሞሜትር የሚጠብቃት ቅጽበት ይህቺ ናት። የሮቤ እናት በጆሮዋ ታውቃታለች። ቀጥሎ ዘይቱ ፊቱ ላይ ብልጭ ሲል ታወርደዋለች፤ ምጣዱ ላይ ከተተወ በራሱ ሙቀት ያርራል። ጭሱን ለተቀመጡት ታዳርሳለች፤ ይህ ክብር ነው፣ ምርመራም ነው። አሮ ከሆነ አፍንጫ ይመሰክራል።

አሁን ይህን ሥራ እያስተው ያለው ኑሮ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ጥሬ ቡና ለብዙ ቤት ከበደ። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ የሚጣለው ለቃሚ ሲጨመር ኪሎው ኪሎ አይሆንም። በትንሽ ፌስታል የሚሸጠው የተፈጨ ቡና የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ገብስ ይኑርበት ሽምብራ ግን ከተፈጨ በኋላ በዓይን የሚለየው የለም።

መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት የተፈጨ ገዝታ ብትመጣ ከሰልም ጊዜም ይተርፍላታል። ብዙዎቹ ግን አሁንም ረከቦቱ አጠገብ፣ ደንበኛ እያየ ይቆላሉ። ደንበኛውም ምጣዱን ካላየ አይቀመጥም።